ወደ ኋላ ለማይሄድ መኮትኮቻ የተገዛ ካምቢዮ፦ ከአንድ የሥራ ወቅት በኋላ

ለጓሮ አትክልት የሚሠሩ ትንንሽ ባለ ሞተር ማሽኖች ብዙዎቹ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መሄድ አይችሉም፤ ይህ ጉድለት የሚታወቀው ደግሞ በተገዙበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው መደብ ጥግ ላይ በደረሱበት ቀን ነው። የእኔ ባለ ሁለት ጎማ መኮትኮቻ 80 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አፍንጫው አጥር በነካ ቁጥር ሞተሩን ከጎማው ማላቀቅ፣ እጀታውን ጨብጦ በለሰለሰ አፈር ላይ ወደ ኋላ መጎተት፣ ከዚያም አዙሮ እንደገና መጀመር የእኔ ድርሻ ነበር። ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ጊዜ ከደጋገምሁ በኋላ፣ ለብቻው የሚሸጥ፣ ወደ ፊት፣ ዜሮ እና ወደ ኋላ የሚሉ ሦስት ቦታዎች ያሉት ትንሽ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ ገዝቼ በራሴ እጅ በበየድሁት መቀመጫ ላይ ገጠምሁት። አምራቹን አልጠቅስም፤ የዚህ ዓይነት ሳጥኖች በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጡ፣ ለገዢው ከስሙ ይልቅ ውስጡን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ካምቢዮ ያስፈለገበት ምክንያት ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ሊዞር ስለማይችል ነው። በባለ አራት ምት ቤንዚን ሞተር ውስጥ ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ካምሻፍት ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ተስተካክሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ሞተሩን በግድ ወደ ሌላው አቅጣጫ ማዞር መምጠጫውን ማስወጫ፣ ማስወጫውን መምጠጫ ማድረግ ይሆናል። ስለዚህ አቅጣጫ የሚለወጠው ከሞተሩ ወዲህ፣ ወደ ጎማው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

የሳጥኑ አሠራር ቀላልና የሚያምር ነው። ከሞተሩ በኩል የሚገባው ሻፍት ጫፉ ላይ አንድ ሾጣጣ ጊር አለው። ይህ ጊር በግራና በቀኙ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ሁለት ሾጣጣ ጊሮች ጋር በአንድ ጊዜ ይነካከሳል፤ በዚህ የተነሣ ሁለቱ ሁልጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። ሁለቱም በመውጫው ሻፍት ላይ ልቅ ሆነው ስለሚሽከረከሩ ብቻቸውን ምንም አያንቀሳቅሱም። በመካከላቸው ከሻፍቱ ጋር አብሮ የሚዞር፣ ነገር ግን ወደ ጎን መንሸራተት የሚችል ጥርሳም ቀለበት አለ። ማንሻው ቀለበቱን ወደ አንዱ ጊር ሲገፋው ማሽኑ ወደ ፊት፣ ወደ ሌላው ሲገፋው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መካከል ላይ ሲቆም ደግሞ ዜሮ ነው። ክዳኑን ፈትቼ በእጄ ባዞርሁት ጊዜ ጊሮቹ ንጹሕ ሆነው የተቆረጡና ያለ መጎርበጥ የሚነካከሱ ነበሩ፤ ኩሽኔታዎቹም በየትኛውም መለዋወጫ መደብር የሚገኘው የ6204 ዓይነት፣ ማለትም የውስጥ ቀዳዳው 20 የውጭ ስፋቱ 47 ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ለዚህ ብቻ ሳጥኑን አመሰግነዋለሁ፤ ነገ ቢበላሽ የማይገኝ ዕቃ ፍለጋ አልንከራተትም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከመግጠሙ ነው። ሳጥኑ ቺንጋ ከሚዞርበት ባለ ቦይ መዘውር፣ ማለትም ከመግቢያ ፑሌጃውና ለሞተሩ ከሚሆን ፑሌጃ ጋር አብሮ የመጣ ሲሆን፣ መግለጫው የሞተሩ ፑሌጃ ለተለመዱት ትንንሽ ሞተሮች በቀጥታ እንደሚገጥም ይናገራል። ነገር ግን በዚህ መጠን ያሉት፣ 196 ሲሲ ገደማ የሆኑት አግድም ሻፍት ያላቸው ሞተሮች በአብዛኛው የሻፍታቸው ውፍረት ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፑሌጃው ግን 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተበስቷል። የ0.95 ሚሊ ሜትር ክፍተት በወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል። በካሊፐር ለክቼ ካረጋገጥሁ በኋላ ለሙከራ ያህል በብሎን አጥብቄ ሳስነሣው ግን ፑሌጃው ከመሐል ወጥቶ እየተንገዋለለ ቺንጋውን በየዙሩ ይወጥረውና ይለቅቀው ጀመር፤ እጀታው ላይ የተሰማኝ መንቀጥቀጥ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር። ፑሌጃው እንዳይንሸራተት የምትገባው ትንሽ መቆለፊያ ብረትም እንዲሁ 5 ሚሊ ሜትር ሆና ነው የመጣችው፤ የሞተሩ ቦይ ደግሞ 4.76 ነው። በሞረድ አሳንሼ አስገባኋት፤ ለፑሌጃው ግን ቶርኖ ቤት ሄጄ ቀጭን የብረት ቀለበት ማስገባት ግድ ሆነብኝ። ቶርኖ የማያገኝ ገዢ እዚህ ላይ ተስፋ ቢቆርጥ አልፈርድበትም።

ሳጥኑን የት ማስቀመጥ እንዳለበት የሚያስበው ገዢው ራሱ ነው፤ አብሮት የመጣችው ወረቀት ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አትተነፍስም። ሞተሩ በደቂቃ 3600 ዙር ሲዞር፣ 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ደግሞ በሰው እርምጃ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ ከተፈለገ፣ ጎማው መዞር ያለበት በደቂቃ 53 ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመካከል 68 ጊዜ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በተቀነሰ ቁጥር የማዞር ኃይሉ በዚያው ልክ ያድጋል። ሞተሩ የሚሰጠው የማዞር ኃይል 10 ኒውተን ሜትር ያህል ቢሆን፣ ሳጥኑ ከአክስሉ አጠገብ ቢቀመጥ ብዙ መቶ ኒውተን ሜትር ይሸከማል፤ ትንንሾቹ ሾጣጣ ጊሮች ይህን አይችሉም። በቀጥታ ከሞተሩ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ በ3600 ዙር እየተቃጠለ ይጮኻል። እኔ 2.5 ጊዜ ከሚቀንሰው ቺንጋ ቀጥሎ አስቀመጥሁት፤ እዚያ 1440 ዙርና 25 ኒውተን ሜትር ያህል ብቻ ይደርሰዋል። ቀሪውን 27 ጊዜ ያህል መቀነስ ካቴናውና የአክስሉ የራሱ ካምቢዮ ይከፋፈሉታል። ቺንጋው ከፊቱ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጎማው ድንጋይ ቢይዘው ጊር ከመሰበሩ በፊት ቺንጋው ይንሸራተታል።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለ። ቺንጋውን የሚወጥረው ተንቀሳቃሽ መዘውር የእኔ ማሽን ፍሪሲዮን ነው፤ ማንሻው ሲጨበጥ መዘውሩ ቺንጋውን ይጫነዋል፣ ሲለቀቅ ቺንጋው ይላላል። ይህ መዘውር መጫን ያለበት በልል በኩል ባለው የቺንጋ ክፍል ላይ ነው። አቅጣጫ መለወጫው ከቺንጋው በኋላ ከሆነ ቺንጋው ዕድሜ ልኩን በአንድ አቅጣጫ ስለሚዞር ልሉ ጎን አይለወጥም። አቅጣጫው ከቺንጋው በፊት ቢለወጥ ግን፣ ወደ ኋላ ሲሄድ የተወጠረው ጎን ከመዘውሩ ሥር ይገባና መዘውሩን እያነጠረ ሞላውን ይፈታተነዋል።

ከሳጥኑ በኋላ ያለው ካቴና ግን ከዚህ ዕጣ አያመልጥም፤ የእኔ የመጀመሪያ ስሕተትም እዚያ ላይ ነበር። ካቴናው እንዳይላላ ብዬ በታችኛው ጎኑ በሞላ የሚገፋ ትንሽ መወጠሪያ ገጥሜለት ነበር። ወደ ፊት ሲሄድ ታችኛው ጎን ልል ስለነበር ሁሉ ነገር መልካም ነበር። ወደ ኋላ እንዳስገባሁት የመጎተቱ ሥራ ወደ ታችኛው ጎን ዞረ፤ ካቴናው ቀጥ ሲል መወጠሪያውን ገፍቶ ከቦታው አነሣው፣ ላይኛው ጎን ተዝረከረከ፣ ካቴናው በሚጠመድበት ጥርሳም መዘውር፣ በኮሮናው ጥርስ ላይም እየዘለለ ይንኳኳ ጀመር። መወጠሪያውን አውልቄ ጣልሁትና የሳጥኑን መቀመጫ ቀዳዳዎች ረዘም አድርጌ በሞረድ ከፈትኋቸው፤ አሁን ካቴናው የሚወጠረው ሳጥኑን በመሳብና ብሎኑን በማጥበቅ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ካቴና በሞላ ሳይሆን በርቀት ነው የሚወጠረው።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ሌሎች ክፍሎችም በማሽኑ ውስጥ ተደብቀው ይገኛሉ። ከብስክሌት የተወሰደ ኮሮና ውስጡ ወደ ኋላ የሚለቅ መያዣ ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በጥምዝ ብቻ የተጠመደ ኮሮናም በኋላ ማርሽ ራሱን ይፈታል፤ በብሎን ወይም በመቆለፊያ ብረት መያዝ አለበት። በራሳቸው የሚሄዱ ብዙ የሣር ማጨጃዎች ደግሞ የጎማ ማዕከላቸው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ምላስ ስላላቸው፣ ሻፍቱ ወደ ኋላ ቢዞርም ጎማው አይከተለውም። ይህን ካምቢዮ ለሣር ማጨጃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት ጎማውን አውልቆ ውስጡን ይመልከት።

አሁን ወደ ሳጥኑ ትልቁ ጉድለት ልምጣ። በሦስተኛው ቀን፣ ማሽኑ ከአንድ ጎድጓዳ ቦታ ወደ ኋላ እየወጣ ሳለ፣ ማንሻው በራሱ ቀጭ ብሎ ወደ ዜሮ ተመለሰና ማሽኑ ወደ ጎድጓዳው ተንከባለለ። ደጋግሜ ሞከርሁት፤ ሸክም ሲከብድበት ሁልጊዜ ያመልጣል። ክዳኑን ከፍቼ የቀለበቱን ጥርሶች በአጉሊ መነጽር ባየሁ ጊዜ ምክንያቱ ተገለጠልኝ። እያንዳንዱ ጥርስ ከሥሩ ሰፋ ብሎ ወደ ጫፉ በመጠኑ ጠበብ ይላል፤ የእኔ ካሊፐር ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት አሳይቶኛል። እንደዚህ የተዳፋ ፊት ሸክም ሲጫነው ሁለቱን ጥርሶች እርስ በርስ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ቀለበቱን በቦታው የሚይዘው በሞላ የምትገፋ አንዲት ትንሽ ኳስ ብቻ ስትሆን፣ እሷ ደግሞ በአውራ ጣቴ ስገፋት የምትሸነፍ ደካማ ናት። በትክክል የተሠራ መያዣ ጥርስ ተቃራኒው ነው፤ ከሥሩ ጠበብ፣ ከጫፉ ሰፋ ብሎ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ወደ ውስጥ የተዘነበለ ስለሚሆን፣ ሸክም በበዛ ቁጥር ጥርሶቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ።

ማስተካከሉን ራሴ ለመሥራት ወሰንሁ። በሞርሳ አስሬ ሞረድ ብሞክርበት ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ እየተንሸራተተ አልነክስ አለኝ፤ ይህ ብረቱ በእሳት የጠነከረ መሆኑን ስለሚያሳይ ቢያንስ በዚህ በኩል አምራቹ አልሰነፈም። በቀጭን የመፍጫ ድንጋይ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ እየነከርሁ፣ በ4 ዲግሪ ቆረጥሁት። የጥርሱ ቁመት 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 4 ዲግሪ ማለት ከሥሩ 0.4 ሚሊ ሜትር ማንሣት ነው፤ ጠንካራው ቆዳ ቀጭን ስለሆነ ከዚህ በላይ መግባት አልፈለግሁም፣ ብረቱ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ከጋለም ጥንካሬው ይሄዳል። መጀመሪያ ቀለበቱን ብቻ ቆርጬ ለመገላገል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው ዘንበል ብሎ ሌላኛው እንደነበረ ቢቀር የሚነካኩት በጫፍ ብቻ ስለሚሆን በጊሮቹ ላይ ያሉትንም ጥርሶች በዚያው መጠን ቆረጥኋቸው። ኳሷን የምትገፋዋን ሞላም በጠንከር ያለች ቀየርኋት። ሥራው ሁለት ምሽት ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ ማንሻው አንድ ጊዜ እንኳ አላመለጠም። የማርሹ አወጣጥ ግን ተለውጧል፤ ጥርሶቹ ስለሚሳሳቡ ቺንጋው ሳይላላ ማንሻውን ማንቀሳቀስ አይቻልም። ይህን እንደ ጉዳት አልቆጥረውም። የዚህ ዓይነት ካምቢዮ እየዞረ ሳለ አቅጣጫው እንዲለወጥ አልተሠራም፤ ቺንጋውን ለቅቆ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ዜሮ ላይ አንድ ትንፋሽ ተወስዶ ነው ወደ ሌላው የሚገባው።

ሳጥኑ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ፍጥነት መስጠቱ ከአሠራሩ የመጣ ነው፤ የግራውና የቀኙ ጊር የጥርስ ብዛታቸው እኩል ስለሆነ ሌላ ሊሆን አይችልም። ወደ ፊት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ለሚከተል ሰው ምቹ ነው፤ ወደ ኋላ ግን ይኸው ፍጥነት ያስፈራል፤ ሰውየው የሚረግጠውን ሳያይ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ማፈግፈግ ይጠበቅበታልና። በዚህ ላይ ጎማው ወደ ኋላ ሲገፋ የማሽኑ አካል በአጸፋው አፍንጫውን ደፍቶ እጀታውን ወደ ላይ ያነሣል። 80 ኪሎ የሚመዝን ማሽን ጎማው እስከሚንሸራተት ድረስ ቢጎትት፣ በ1.2 ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ የሚሰማው የማንሣት ኃይል 8 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ነው። ላልጠበቀው ሰው አገጭ የሚመታ ነው። ስለዚህ ማንሻው ወደ ኋላ ሲገባ የነዳጅ መስጫው ከግማሽ እንዳያልፍ የምታግድ ትንሽ ላሜራ ቆርጬ ገጠምሁ፤ በ1800 ዙር ገደማ ማሽኑ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል፣ ራሱን ለመጎተትም ኃይሉ በቂ ነው።

ሁለተኛዋ ላሜራ ከፍጥነቱ ይልቅ አስፈላጊ ናት። የመኮትኮቻው ምላጮች የሚንቀሳቀሱበት ማንሻ በሥራ ላይ ሳለ የኋላ ማርሽ እንዳይገባ ትከለክላለች። ወደ ኋላ የሚመጣ ማሽን ምላጩ እየዞረ በሚያፈገፍግ ሰው እግር ላይ ሊወጣ ይችላል፤ በፋብሪካ የሚሠሩት በዚህ ላይ ይጠነቀቃሉ፣ በቤት የሚሠራውም ከዚያ ማነስ የለበትም። የቺንጋው ማንሻ ደግሞ እጅ ሲለቀው በሞላ ራሱ መመለስ አለበት፤ ወድቄ ብለቀው ማሽኑ ባለበት እንዲቆም እንጂ እንዲከተለኝ አልፈልግም። ከሳጥኑ ጋር የመጣው ማንሻ ግን እንደተገፋ ይቀራል እንጂ ራሱን አይመልስም፤ ለኋላ ማርሹ የሚመልሰውን ሞላ የጨመርሁት እኔ ነኝ።

ሳጥኑን ከመግዛቴ በፊት በሌላ መንገድ ሞክሬ እንደነበር መናገር አለብኝ። ሁለት ቺንጋ፣ አንዱ ቀጥ ያለ ሌላው የተጠላለፈ አድርጌ፣ በሁለት መወጠሪያ መዘውሮች እየቀያየርሁ ነበር የምጠቀመው። ዕቃው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ቺንጋ ሲጠላለፍ በመስቀለኛው ቦታ ላይ እርስ በርሱ እየተፋተገ ዱቄት ይረጫል፣ በፑሌጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት አጭር ሲሆን ደግሞ ከቦዩ ይወጣል። በአንድ ወር ሁለት ቺንጋ ፈጀሁበት። በጎማ የተለበጠ መዘውር በሚዞር ዲስክ ፊት ላይ እየተንሸራተተ ፍጥነትንም አቅጣጫንም የሚለውጥበት ዘዴ በበረዶ መጥረጊያ ማሽኖች ላይ የታወቀ ሲሆን፣ መዘውሩ የዲስኩን መሐል ሲሻገር አቅጣጫው በራሱ ይገለበጣል። ለቀላል ሥራ ከዚህ ሳጥን የተሻለ ነው እላለሁ፤ ዘይት ከነካው ግን ያበቃል። የመኪና ዲፈረንሻል ቤቱን በፍሬን አግዶ መጠቀምም ይቻላል፤ ቤቱ ሲታሰር የግራና የቀኙ ሻፍት በተቃራኒ ይዞራሉና። ክብደቱ ግን ለ80 ኪሎ ማሽን ቀልድ ይመስላል። በዘይት ግፊት የሚሠራው ካምቢዮ ከሁሉም ይመቻል፤ ንጹሕ ዘይት ካላገኘ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይሞታል። ማሽኑን በባትሪና ቋሚ ማግኔት ባለው ዲሲ ሞተር ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር ይበቃዋል። ብቻ እየዞረ ሳለ አይቀያይረው፤ ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ተደምሮ ጅረቱን ከፍ ስለሚያደርገው ማብሪያውን ያቃጥላል።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የመጣው ዝገት የሚከላከል ቀጭን ዘይት እንጂ የሥራ ዘይት አይደለም፤ ወረቀቱ ይህንን በትንንሽ ፊደል ይናገራል። ልቅ የሚዞሩት ጊሮች የተቀመጡት በነሐስ ቀለበት ላይ ስለሆነ ውፍረቱ 80ደብልዩ-90 የሆነ፣ ጂኤል-4 ደረጃ ያለው ዘይት መርጫለሁ፤ በጂኤል-5 ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሰልፈር ቅመም ከጊዜ ብዛት ነሐስን ሊበላ ይችላል። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ስቀይረው ግራጫ የብረት ደቃቅ ወጥቷል፤ አዲስ ጊር ሲለማመድ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከ40 ሰዓት በኋላ የወጣው ዘይት ግን ንጹሕ ነበር፣ በማግኔት ላይም የያዘው እምብዛም ነው።

ቶርኖና መፍጫ ድንጋይ ለሚያገኝ፣ ሁለት ምሽት ለማጥፋት ለማይሰስት ሰው ሳጥኑን እንዲገዛ እመክረዋለሁ፤ ጊሮቹና ኩሽኔታዎቹ ዋጋቸውን ያወጣሉ። ከካርቶን አውጥቶ በዚያው ቀን ሊሠራበት ለሚያስብ ግን አልመክርም። እኔ ያልፈታሁት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ማሽኑ በተዳፋት ላይ ሲያድር በመውጫው ሻፍት በኩል ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ጥቂት ጠብታ ያፈሳል። ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ ሻፍቱ ላይ የኦይል ሲሉ ከንፈር በሚያርፍበት ቦታ በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት ስላገኘሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሳልቀይር ሻፍቱን አውጥቼ ቶርኖ ቤት እወስደዋለሁ።